ለእናቴና ለልጄ የነገርኳቸው

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ልጅ ተቀበልኩ። ያለቀሱት ሰባት። ከሰባቱ ስድስቱን ያስለቀሷቸው የገዛ እናቶቻቸው ናቸው። ልጁማ ምን በወጣው... እናትየዋ ስትንሰፈሰፍ አይቶ ነው "ለካ የሚያስፈራ ነገር አለ" የሚለው።

የሕፃናት ማቆያው በር ላይ መቆም ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ። ሕፃን ከእናቱ አንገት በማላቀቅ ማንም አይደርስብኝም። የሥራ ባልደረቦቼ "መቀስ" ይሉኛል። አንዱ አልላቀቅም ብሎ ግቢውን በጩኸት ሲያናጋው "መቀስን ጥሯት" ይባላል፣ እመጣለሁ፣ አለቀ። ከአውራ ጣት ነው የሚጀመረው። አውራ ጣት ከለቀቀ ሌሎቹ አራቱ አቅም የላቸውም። ከዚያ ፊቱን ወደ ራስ ማዞር። ከዚያ እናትየዋን "ሂጂ" ማለት፣ በዓይን ሳይሆን በአፍ። በዓይን ከሆነ ትቆማለች።

አንዷ አለች፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ሦስቴ ነው የምትመለሰው። ኮፍያውን ረሳሁ። ሳልስመው። ውሃው ቀዝቅዞ ይሆን? ዛሬ "እሱ ተላቅቋል እኮ፣ አንቺ ነሽ ያልተላቀቅሽው" አልኳት። ተቀየመች። ይመቻት። ፋርማሲ የምትሠራዋ ደግሞ ልጇን እንደ ሻንጣ አስቀምጣ ነው የምትሄደው፣ ዞራም አታይ። እሷ ትመቸኛለች። ልጇ አልቅሶ አያውቅም። ምንም ነገር ጠይቆም አያውቅም፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል... ደህና ልጅ።

የእኔም አታለቅስም። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ከማቆያው አጥር ጎን ባለው ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል። በሩ ጋ ስንደርስ እጄን ራሷ ትለቃለች። አባቷ ጥሎን የሄደ ለትም እንደዚሁ ነበረች። ሦስት ዓመቷ ነበር፣ በሩን የዘጋችለት እሷ ናት።

ነገ እናቴ ትመጣለች። የዓይኗን ሞራ ልትገፈፍ። ወንድሜ "ሁለት ወር ብቻ" አለ። ብቻ ይላል ደግሞ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

መጣች። ከአውቶቡስ ስትወርድ እጄን ሰጠኋት፣ ያዘችው፣ መሬት ስትረግጥ ለቀቀችው። ጉንጭ ለጉንጭ ተነካካን። "ከስተሻል" አለች። ዓይኗ እንደማያይ ረስታው ነው?

ልጅቷን ግን... አጠገቧ አስጠግታ ፊቷን በጣቷ ዳሰሰቻት። ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን። አፏን አስከፈተችና በፊት ጥርሶቿ መሀል ያለውን ክፍተት በጥፍሯ ነካች። "ውይ፣ ፍንጭት ናት" አለችና ሳቀች። እናቴ ስትስቅ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

"እማዬም ትንሽ ሆና ፍንጭት ነበረች?" ብላ ጠየቀቻት ልጅቷ።

"እንጃ፣ አላስተዋልኩም።"

አላስተዋለችም። አሁንም ፍንጭት ነኝ እኮ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ልጅቷ አልጋዋን ለቀቀችላት፣ ለራሷ ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፍኩላት። ጠዋት ሳያት ፍራሹ ባዶ ነው። ሁለቱም አልጋው ላይ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ተኝተዋል።


እሑድ፣ ጥቅምት 10

በቤታችን አንድ ሕግ አለ። ሰው ፊት አይለቀስም። የመጣበት ሰው መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ሲበቃው ፊቱን ታጥቦ ይወጣል። "ጨርሰሽ ነይ" እላታለሁ፣ ትሄዳለች፣ ስትወጣ "ጨረስኩ" ትላለች። ድሮ አሥር ደቂቃ ይፈጅባት ነበር፣ አሁን ሦስትም አይሞላ።

ከእናቴ ነው የወሰድኩት። እሷ መታጠቢያ ቤት የሚባል ስላልነበራት ደጅ ነበር የምታስወጣኝ። "ጨርሰሽ ግቢ" ትልና መወርወሪያውን ከውስጥ ትገፋዋለች። አንድ ቀን ጨርሼ አንኳኳሁ። የአምስት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ዝናብ ነው። "አሁንም ድምፅሽ እርጥብ ነው" አለችኝ ከውስጥ። ድምፄ እስኪደርቅ ቆምኩ። አልሞትኩም። እንዲያውም ይኸው ሰው ሆንኩ።

ዛሬ ልጅቷ ስትሥለው የሰነበተችውን ሥዕል ውሃ ፈሰሰበትና ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። "ጨርሰሽ ነይ" አልኳት። ሄደች። እናቴ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳበሰች ተከተለቻት። ምን ልታደርግ ነው ብዬ ስጠብቅ... ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወጣች። ፊቷ በእንባ ታጥቧል፣ ንፍጧ የእናቴ ሹራብ ላይ።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ታለቅሳለች እኮ።"

"ታልቅሳ። ስትጨርስ ትመጣለች።"

"ብቻዋን?"

ደሜ ፈላ። ብቻዋን ትለኛለች። ይህን የምትለኝ ማን ሆና ነው? ያቺ መወርወሪያ የምትገፋ እጅ ናት አሁን ጀርባ የምታሻሸው? የፈሰሰውን ውሃ ጠረግኩ። ሥዕሉንም ጨምድጄ ጣልኩት። ሊደርቅ ይችል ነበር።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ማክሰኞ ተገፈፈች፣ ዛሬ ፋሻው ተፈታ። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ነው የሄድኩት። ዶክተሩ "እስቲ ቀስ ብለው ይክፈቱት" ሲላት ፊት ለፊቷ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። ፀጉሬንም ተሠርቼ ነበር... ይህን ለማንም አልናገርም።

ከፈተች። አየችኝ። ዓይኗ ውሃ አቀረረ።

"ልጅቷስ?" አለች።

"ትምህርት ቤት ናታ።"

"እንግዲያው እሷ እስክትመጣ ልጨፍነው።"

እና ጨፈነችው። ታክሲ ውስጥ ጨፍና፣ ደረጃውን ጨፍና በክንዴ ተደግፋ፣ ወንበር ላይ ጨፍና ተቀመጠች። ልጅቷ አሥር ሰዓት ላይ ስትገባ ከፈተችና "አዬ፣ እንዲህ ነሽ ለካ" አለች።

እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ሽንኩርት እየከተፍኩ። ሽንኩርት መሆኑ በጀኝ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ማቆያው ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ አለች። እናቶችን ትጠይቃለች፣ መጠይቅ ታስሞላለች። ዛሬ እኔ ጋ መጣች።

"እርስዎም እናት ነዎት አሉኝ። ቢሞሉልኝ?"

እርስዎ እያለች ታስረጀኛለች። ምንድን ነው የሚጠናው አልኳት። እናቶች ከገዛ እናታቸው ጋር የነበራቸው ቅርበትና አሁን ልጅ ስለማሳደግ ያላቸው አመለካከት እንዴት እንደሚያያዝ ነው አለች።

"ይሄ ደግሞ ጥናት ይፈልጋል እንዴ? እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ሲባል አልሰማሽም?"

ሳቀች። ደብተሯ ላይም ጻፈችው።

አርባ ዐረፍተ ነገር ነው። አንድ ማለት "ፈጽሞ"፣ አምስት ማለት "ሁልጊዜ"። "ሰው በጣም ሲቀርበኝ ይጨንቀኛል።" አንድ። "የምወዳቸው ሰዎች ጥለውኝ ይሄዳሉ ብዬ እሰጋለሁ።" አንድ። "ልጄ ስታለቅስ እበሳጫለሁ።" አንድ። "ልጄ ከእኔ ይልቅ ሌላ ሰው ስትወድ እቀናለሁ።" እዚህ ላይ እስክሪብቶው ትንሽ ቆመ... አንድ።

ወረቀቱን ስታገላብጥ አየኋት። "ሁሉንም አንድ ነው እኮ ያሉት።"

"ታዲያ ምን ይደረግ? ጤነኛ ነኝ ማለት ነው።"


ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ዛሬ ጠየቅኳት። ልጅቷ ጎረቤት ሄዳ ነበር፣ ልብስ እያጣጠፍን ነው። እንዴት እንደወጣኝ እንጃ።

"እማዬ፣ ለእኔ ያልነበረ እቅፍ ከየት መጣ?"

አንሶላውን አጠፈች። ጫፉን ከጫፉ አስተካከለች። 

"አንቺ እኮ አያስፈልግሽም ነበር" አለች። "ጠንካራ ነበርሽ። ስትወለጂም ወዲያው አላለቀስሽም። እሷ ግን ሆደ ባሻ ናት፣ ታሳዝነኛለች።"

አያስፈልግሽም ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት መልስ ይቺ ናት? እኔ ጠንካራ የሆንኩት ስላልታቀፍኩ ነው፣ ያልታቀፍኩት ደግሞ ጠንካራ ስለሆንኩ ነው። ጉድ በል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይላሉ፣ የዚችስ ሆድ በር አለው፣ ለእኔ ተዘግቶ የቆየ።

ከሁሉ ያበሸቀኝ ደግሞ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ አለማለቷ። እንዲሁ፣ ስለ አንሶላ እንደሚወራ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ጠዋት ልጅቷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወደቀች። አየኋት። የባንክ ሠራተኛዋን ልጅ ይዤ ነበር፣ ገና አውራ ጣቱ ላይ ነኝ። ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና ወደ እኔ ዞራ "ምንም አልሆንኩም" አለች። ጎበዝ አልኳት በልቤ። ገባች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ስደርስ እሪታው ከደረጃው ይሰማል። ልጅቷ እናቴ ጉልበት ላይ ተቀምጣ የግራ ክንዷን እንደ ዕቃ ይዛው ታለቅሳለች። አብጧል። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፣ አጥንቱ ተሰንጥቋል፣ ጀሶ ተደረገላት። ቀኑን ሙሉ በተሰነጠቀ ክንድ ስትማር ውላለች። ለመምህሯም አልነገረች። ለእኔ "ምንም አልሆንኩም"፣ ለእሷ እሪታ።

ስንመለስ እናቴ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ "በር ላይ ቆመሽ ነበር አሉ።"

"ምንም አልሆንኩም አለችኛ።"

"አንቺም እንደዚሁ ነበር የምትይኝ። እኔም አምንሽ ነበር።" ቀጥላም "አትመኛት" አለች።

ምክር ሆነ ደግሞ። ዕዳዋን በእኔ ልጅ ልትከፍል ነው ቤቴ የመጣችው? ልጅቷ የእኔ ናት። የወለድኳት እኔ፣ የማበላት እኔ፣ የማጥባት እኔ። ጀሶዋ ላይ አበባ የሣለችላት ግን እሷ።


ሰኞ፣ ኅዳር 16

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። በገዛ ልጄ ቀናሁ፣ በገዛ እናቴም። በየትኛዋ ይበልጥ እንደሆነ አላውቅም።


ሰኞ፣ ኅዳር 23

ዛሬ አደረግኩት።

ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት። ግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ በአዲሱ ዓይኗ የልጅቷን ካልሲ ትጠቅማለች።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚ። ልጅቷ አልጋዬን ትልቀቅልኝ ብላኛለች። የዓይንሽ ቅባት ሽታው እንቅልፍ ይነሳታል።"

መርፌው ቆመ።

"እሷ አለች?"

"ልጅ ናት መቼም፣ አፏ ላይ የመጣላትን..."

"አይ፣ ልጅ እውነቱን ነው የሚናገረው።"

እንዴት በቀላሉ ወጣኝ። ቀድሜ ያሰብኩትም ቅባቱን አይደለም፣ አልጋውን ብቻ ነበር። ቅባቱ ራሱ መጣ። ክርክር እጠብቅ ነበር፣ "እስቲ ራሷ ትንገረኝ" እንድትል። አላለችም። የጠቀመችውን ካልሲ አጥፋ ትራሱ ላይ አስቀመጠች፣ ሻንጣዋን ጎተተች። የስምንት ሰዓቱን አውቶቡስ ይዛ ወንድሜ ዘንድ ሄደች። የአሥር ሰዓት መንገድ ነው።

ከመውጣቷ በፊት የዓይን ቅባቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር። አየሁ። ዝም አልኩ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ትናንት ልጅቷ ስትገባ ሦስት ጊዜ "እማማ" እያለች ተጣራች። መታጠቢያ ቤት፣ መኝታ ቤት፣ በረንዳ።

"ሄዳለች" አልኳት።

"መቼ ትመጣለች?"

"አትመጣም። ደከማት። ብዙ ታወሪያለሽ፣ አልጋ ላይ ትራገጫለሽ፣ ያ ክንድሽም አለ... አሰለቸኋት በያ።"

"እኔ?"

"አንቺ።"

 "ሳትነግረኝ?"

"ምን ብላ ትነግርሽ።"

"እሺ" አለች። ጨርሰሽ ነይ ሳልላት መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። በሩ ላይ ጆሮዬን አደረግኩ። ምንም ድምፅ የለም። ውሃ ብቻ።

ዛሬ ትራሷ ላይ ያገኘቻትን ካልሲ አላደረገችም። ቀዳዳዋን ሌላኛዋን አደረገች።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

እኔ ጋ መተኛት ጀምራለች። ቀሚሴን ይዛ። ስነሣ ትነሣለች፣ ወጥ ቤት ስገባ ትከተለኛለች። ስበላ "ደከመሽ እንዴ እማዬ?" ትለኛለች፣ ሳታወራ ትበላለች፣ ሳታወራ ትጨርሳለች።

ዛሬ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እጄን አልለቅ አለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ያላደረገችው። በደህናው እጇ ጥብቅ። መቀስ ተብዬዋ የገዛ ልጄን ከአውራ ጣት ጀመርኩ። ባልደረባዬ ከማቆያው በር አይታ "ውይ፣ ዛሬስ ለራስሽ ደረሰ" ብላ ሳቀች።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፈው፣ ማን ያየኛል። አንድ ጣት፣ ሁለተኛ ጣት... እያንዳንዱን ሳላቅቅ ደስ አለኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት እውነት ነው። የእኔማ በሁለት ሳምንት ላባ ሆነ።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ወንድሜ ደወለ። "እናትሽ አትበላም። ሐኪሞቹ ቅባቱን ግዛ ብለው አዘዙ፣ ገዛሁ፣ አልቀባም አለች። ሽታው ሰው ያስቸግራል ትላለች። ማንን እንደሚያስቸግር እንጃ፣ እዚህ ያለነው እኔና እሷ ነን።"

ምን አልኩ? "እርጅና ነው" አልኩ።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

ጀሶው ተፈታ። ክንዷ ከስቷል፣ ነጥቷል። ነርሷ "አመመሽ?" ስትላት መጀመሪያ ወደ እኔ አየች። ምን መመለስ እንዳለባት ከፊቴ ልታነብ ነው። ወንድሜ ደግሞ ጠዋት ደውሎ ነበር፣ የእናቴ አንደኛው ዓይን መግል ይዞ ነበር፣ ከዳነ በኋላ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። አንዱ ደህና ነው አለ፣ የሚያጽናናኝ ይመስል።

ልንገራቸው? ለማን ነው መጀመሪያ የምነግረው? ለእናቴ ከነገርኩ ትመጣለች፣ ልጅቷ ከቀሚሴ ወርዳ ከእሷ ጉልበት ትወጣለች። ለልጅቷ ከነገርኩ... አይ። ጥቂት ትቆይልኝ።


እሑድ፣ ጥር 4

 የተቆጣኝ እንኳን የለም።

ልብስ እያጠብኩ ነበር፣ እጄ እስከ ክርኔ አረፋ። ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ አነሣችው። እርሳስ እየቀረጸች ስለነበር ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው። የወንድሜ ቁጥር ነው፣ ድምፁ ግን የእናቴ። ቀጭን ሆኗል።

"ፍንጭቴ? አንቺ ነሽ?"

ልጅቷ መቅረጿን አቆመች። እኔም ከሳፋው እጄን አላወጣሁም። ማውጣት ነበረብኝ።

"አንድ ነገር ልልሽ ነው የደወልኩት" አለች እናቴ። "ስለ አልጋሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሽታውም ቅባቱ ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ።"

"የምን አልጋ?" አለች ልጅቷ። ቀጥላም፣ ከት/ቤት እንደተሸመደደ ነገር በአንድ ትንፋሽ፣ "እኔም ስላደከምኩሽ ይቅርታ፣ አሁን ብዙ አላወራም፣ አልራገጥም፣ ክንዴም ድኗል" አለቻት።

እናቴ፦

"ማነው አደከመችኝ ያለሽ?"

"እማዬ።"

"አልጋዬን ትልቀቅልኝ አላልሽም?"

"አላልኩም። ማን አለ?"

እናቴ የእኔን ስም አልጠራችም። መጥራትም አላስፈለጋት። ልጅቷ እርሳሷን አስቀምጣ ዞራ አየችኝ። ያን አስተያየት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በሩ ላይ አላየሁትም፣ በየትኛውም ልጅ ፊት። አላለቀሰችም። ታልቅስ ብዬ ለምኜ ነበር እኮ።

"አለሽ እዚያ?" አለች እናቴ። ለእኔ ነው።

"አለሁ።"

"ለእኔ ስትነግሪኝ ወዲያው አመንኩሽ። ይገባኛል ብዬ ነው ያመንኩሽ። የእኔን ለእኔ ብትመልሺው ምንም አልልም።" ሳለች። "እሷ ግን ምን አደረገችሽ?"

እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ። ስልኩን የዘጋችው ልጅቷ ናት፣ "እማማ፣ ነገ እደውልልሻለሁ" ብላ።


ማክሰኞ፣ ጥር 13

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ይቅርታ አልኳት፣ ተንበርክኬ። "እሺ" አለች። ምን ላድርግልሽ አልኳት። "ምንም" አለች። በትሕትና ነው የምታናግረኝ፣ ቤት እንደሚያከራያት ሰው።

ተሳስቼ ዛሬ ሐሙስ ነው ብላት፣ ሄዳ ካላንደሩን አየች። ቁርስ ላይ "ውጪው ይበርዳል፣ ጃኬት ልበሺ" አልኳት። መስኮቱን ከፍታ እጇን አወጣች፣ ከዚያ ለበሰች። በልቻለሁ ስላት ድስቱን ከፍታ ታያለች። ክፋት የለበትም፣ ያ ነው የሚገድለኝ። ታጣራለች ብቻ።


ረቡዕ፣ ጥር 21

መምህሯ አስጠራችኝ። "ልጅሽ ትናንት አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ" አለች። "'እማዬ የተወለድሽው ሆስፒታል ነው ትለኛለች፣ እውነት ነው?' ብላ። እኔ እንዴት አውቃለሁ? ቤት ውስጥ ደህና ናችሁ?"

ደህና ነን አልኳት። መምህሯም አላመነችኝም መሰለኝ።

ማቆያው ስመለስ የዩኒቨርሲቲዋ ልጅ ዕቃዋን ስትሸክፍ አገኘኋት። ጨርሳለች። ያንን መጠይቅ እንደገና ልሙላው አልኳት። ደነገጠች።

"የእርስዎ ወረቀት እኮ... አውጥቼዋለሁ። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ የሰጡትን አናካትትም፣ ሳያነቡ ነው የሞሉት ይባላል።"

"አንብቤዋለሁ።"

"አውቃለሁ" አለች። "ግን ተዘግቷል።"

በጎን አንድ ነገር ጠየቅኳት። እናቷ እንደዚያ የሆነችባት ሴት ሁሉ ለልጇ እንደዚያው ትሆናለች ወይ? "ሁሉም አይደሉም" አለች ፈገግ ብላ፣ መልካም ዜና ነው ብላ አስባ። "ብዙዎቹ ይለወጣሉ።"

ብዙዎቹ። እና እኔ ምን ነክቶኝ ነው? አለመለወጥን ማን ላይ ነው የማላክከው?


ዓርብ፣ የካቲት 7

ማቆያው ውስጥ አዲስ ሕፃን መጣ፣ ዓመት ከመንፈቁ። እናቱን እንደ ሙጫ ይዟል። ጠሩኝ። ጣቶቹን ያዝኩና... አልቻልኩም። ሌላ ሰው ላቀቀው። "ምነው ዛሬ መቀስ ዶለዶመች?" አሉ። ሳቅን።


እሑድ፣ የካቲት 9

ሳምንቱን ሙሉ ስለማመደው ነበር፣ መስታወት ፊት፣ ደረጃ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ። ሰው ያበደች ይለኛል። አንድ ቃል ናት፣ ለሌላው ሰው ምንም አይደለችም። እናቴ ብላኝ አታውቅም፣ እኔም ለማንም ብዬ አላውቅም።

ዛሬ ከሰዓት ልጅቷ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀመጥኩ። 

"እወድሻለሁ" አልኳት።

እርሳሷን አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ልክ "ሐሙስ ነው" እንዳልኳት ለት። "እሺ" አለችና ተነሥታ ስልኩን ወስዳ መኝታ ቤት ገባች። በሩን ገርበብ አደረገችው።

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የምትደውልለት ማን እንደሆነ ማን ያጣዋል?

"እማማ፣ ዓይንሽ እንዴት ነው?... እሺ... እማማ፣ እማዬ እወድሻለሁ ትለኛለች። እውነት ነው?"

የእናቴ ድምፅ አይሰማም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆየሁ። መልሷ ረጅም ነው። ምን ትላት ይሆን? አይደለም ብትላት ሐቋ ነው። እንጃ ብትላትም ሐቋ ነው። ስለ እኔ ምን ታውቃለች? ፍንጭት መሆኔን የማታውቅ ሴት። በእሷ አፍ ላይ ነው እንግዲህ አሁን ያለሁት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

"እሺ... እሺ እማማ... ቻው።"

ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ስታገኘኝ አልገረማትም።

"እውነት ነው አለችኝ" አለች።

ግድግዳውን ለቀቅኩ።  "እውነት አለች?"

"አዎ። 'ትወድሻለች፣ እኔም እሷን እንደዚያው ነበር የምወዳት' አለችኝ።"

እናቴ ትወደኝ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ከልጄ አፍ ነው የሰማሁት፣ እሱም ለእኔ አልተባለም። ልስቅ ነው ላለቅስ ነው ሳላውቅ ልጅቷ አንድ እርምጃ ጠጋ አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

"እማዬ፣ እንዴት ነበር የምትወድሽ?"

"ቆይ፣ መጣሁ" ብያት እዚህ ገባሁ። ዋሽቼ "በጣም ጥሩ ነበር" ብላት መልሳ ትደውላለች፣ እናቴም እውነቱን ትነግራታለች። እውነቱን ከነገርኳት ደግሞ... እኔም የምሰጣት መውደድ ያው እንደሆነ ታውቃለች፣ እሱስ ቢቀርባት ይሻላታል።

ሳሎን ወንበር ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው። የቤት ሥራዋን አልቀጠለችም። ምን ልበላት?